ከጣቴ፣ ከሥሬ

ጌንት ላይ ነው ነገሩ፤ የካቲት፣ ማለዳ፣ ጭጋግ በቦዩ ላይ፤
ትራሙ አውርዶኝ ሄደ፣ ከመስታወቱ በር ፊት ብቻዬን ልታይ።

ዛሬ ሁለት ጊዜ ነው የምቀዳው፤
አንዴ ከጣቴ ጫፍ፣ አንዴ ከክንዴ ሥር፣
የዕጢው ምልክት በሁለቱም ደም እኩል እንደሁ ሊመረመር።
«ምልክት ነው እንጂ ምስክር አይደለም» ብሎኛል ሐኪሙ፤
እኔ ግን ስንት ሌሊት አደርኩ፣ ምልክቱን እያስማልኩ በስሙ።

ነርሷ ደረት ላይ ስሟ ተጽፏል፣ በላቲን ፊደል፤
እነሱ «ኹደለ» ይሏታል፣ ጉሮሮ ጠርገው፤
እኔ በልቤ «ጎደለ» ብዬ ነው የማነበው፤
ጸሎቴ አጭር ናት፦ ቁጥሩ ይጉደል፣ ይጉደል።

መጀመሪያ ጣቴን። የግራ፣ የቀለበቱን፣ ከጎን በኩል።
ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት መርፌ የበላው ጣት፣
ቆዳው እንደ ጫማ ሶል፣ ትንሽ መውጊያ የሚንቃት።
ጠቅ አደረገች። ምንም። ደሜ እንኳ ኮራ።
«በለብታ ውሃ ታጠቢ፣ እጅሽን አራግፊ» አለች በተራ።
ልጨምቀው ስል ያዘችኝ፦ «አይሆንም፣ አትጭመቂ፤
የሥጋሽ ውሃ ይገባበትና ቁጥሩ ይቀጥናል፤ ዝም ብለሽ ጠብቂ።»
ጠበቅን።
ጠብ አለች አንዷ፣ እንደ ቀይ አዝራር ክብ፣ ብርሃን ያዘለች፤
ከጥፍሬ በማትበልጥ ብልቃጥ ተንሸራታ ዘለቀች።

ከዚያ ክንዴን። «ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ የኔ ሰዎች፤
ሥሬ ግን ያን ዓመት መድኃኒት ሲንቆረቆርበት ከርሞ
ሰው መሸሽ ለምዷል፣ ከቆዳዬ በታች አድፍጦ፣ ጠጥሮ፣ ተጣሞ።
ላስቲኩ ታሰረ፤ «ጨብጪ» አለች፤ በጣቷ ዳሰሰች፤
አንዴ ሳተች፣ ይቅርታ ጠየቀች፤
ሁለቴ ሳተች፣ ቀና ብላ ተነፈሰች፤
በሦስተኛው እሺ አለ።

«ደም መላሽ» ይሉታል ይህን ሥር፣ በሐኪም አማርኛ፤
በአባቴ አገር ደም መላሽ ሌላ ነው፤ ጥርሱን ነክሶ የሚያደፍጥ፣ ሌሊት የማይተኛ።
እኔስ ደሜን ከማን ልመልስ? ገዳዬን ከእንቁልጢዬ ጋር
ቆርጠው አውጥተውታል፣ ካቻምና፤
ይህ ሁሉ መቅዳት ዳኛም ሽማግሌም የለው፤
ተመልሶ እንደሁ በር በሩን ማየት ነው።

በዘጠነኛው ቀን ደወለች።
«ከጣትሽ ሠላሳ አንድ፣ ከሥርሽ ሠላሳ ሦስት። ተስማምተዋል።»
«ተስማምተዋል? ሁለቱስ የት ገባ?»
«እሱ የመለኪያው ነው፤ ከአንዱ ክንድሽ ሁለቴ ብቀዳም ይለያል።»

ይገባኛል። ሜትሬም እንዲሁ ናት፤ አንድ ወገብ ጠዋትና ማታ ብትለካ
ሁለት ጣት ትዋሻለች፤
ሁለት ጣት ትርፍ ሳልተው ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም።
ግን ድንበሩ ሠላሳ አምስት ነው።
ለኹደለ ሁለት ቁጥር ትርፍ ናት፤
ለኔ ግን እስከ ድንበሩ የቀረኝ መንገድ፣ ግማሹ።

ከሚያዝያ ወዲህ ጣት ይበቃል አሉኝ። ሳጥኑ በፖስታ ይመጣል፤
መውጊያው፣ ብልቃጡ፣ ፕላስተሩ፣ አድራሻ የተጻፈበት መመለሻው፤
ትራም ቀረ፣ ወረፋ ቀረ።
ኹደለም ቀረች።
ደስ ብሎኛል፤ ክንዴም አርፏል። ደግሞም
ሥሬን ስታ ይቅርታ የምትለኝ ሴት አጣሁ።

ትናንት ማታ የጎረቤቴን የወይዘሮ ቨርሌን ካፖርት ገበር ስሰፋ
መርፌው ሾለከ፤
ያለ ላስቲክ፣ ያለ ለብታ ውሃ፣ ማንም ሳይለምነው
ደሜ ከቀለበት ጣቴ ፈለቀ።
እንደ ልማዴ በቁራጭ ጨርቅ ልጠርገው ስል እጄ ቆመ፤
ሃያ ስድስት ዓመት ስንቷን ጠብታ ጠረግኩ፣
ቁጥርሽ ስንት ነው ብዬ ሳልጠይቃት፣
ስንቱን ምልክት ከቅዳጅ ጋር ወደ ቅርጫት ጣልኩት?

አየኋት፤ ክብ ነበረች፣ ዝም ብላ ቆማለች።
ጠረግኳት። ካፖርቱ ለነገ ይፈለጋል።